ወፍጮውን ያቃጠለው ሰው

በእኛ ከተማ ሰው መጽሐፍ የሚያነበው ለመጨረስ ሳይሆን ለመናገር ነው። ዳኑብ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። የልብስ ስፌት ፋብሪካው ከተዘጋ፣ ልጆቹም ወደ ስፔንና ወደ ጀርመን ከነጎዱ ወዲህ ወሬ ጠፍቶባታል። ስለዚህ አንዱ ከንባብ ቤቱ መጽሐፍ ተውሶ የጨረሰ እንደሆነ፣ በማግስቱ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ ማን ማንን እንደገደለ፣ ማን የማን ልጅ ሆኖ እንደተገኘ ሳይጠየቅ ይዘረግፈዋል። «አይ፣ እኔ እንኳ ባልነግርሽ ይሻላል» ይላል መጀመሪያ። ከዚያ ይነግራታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሕግ ቢወጣለት ደግ ነበር፤ አልወጣለትም።

ኔቭያና ይህን ስለምታውቅ፣ ባሏ ትሪፎን ከሞተ ወዲህ ዳቦ የምትገዛው ሰልፉ ካለቀ በኋላ ነው። የሚተርፈው የደረቀውና ጠርዙ ያረረው ቢሆንም ግድ አልነበራትም። ጎረቤት ሊያጽናናት ሲመጣ፣ ወሬው ወደ መጽሐፍ ያዘነበለ በመሰላት ቁጥር ተነስታ ወጥ ቤት ትገባለች። ሰዎቹ እንባዋን ልትደብቅ ነው ብለው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እሷ ግን ወጥ ቤት ቆማ ወሬው እስኪቀየር ትጠብቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሪፎን ወደብ ላይ የመርከብ ሞተር ሲጠግን፣ እሷ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አብረው ማንበብ የጀመሩት በዚያ መብራት በተራ ይጠፋ በነበረበት ክረምት ነው። ሻማ እንደ ልብ አይገኝም፤ አንድ ሻማ ደግሞ ለሁለት አንባቢ አይበቃም። ስለዚህ እሱ ያነባል፣ እሷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ትሰማለች። መብራቱ ሲመለስም ልማዱ አልቀረም። ልጃቸው ራሊትሳ ተወልዳ፣ አድጋ፣ ስፔን ሄዳ፣ እዚያው አግብታ ቀረች፤ እነሱ አሁንም ያነባሉ። ደንባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም ቀድሞ አያነብም። ትሪፎን ሥራ ሲውል መጽሐፉ ራዲዮው ላይ ተደፍቶ ይውላል። ኔቭያና አቧራውን ትጠርግለታለች እንጂ አትገልጠውም።

ትሪፎን ግን ለታሪኩ ያን ያህል ግድ አልነበረውም። እሱ የሚወደው የእሷን ፊት ነው። ታሪኩ ድንገት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና በመነጽሩ አናት ላይ ያያታል። እሷ አፏን ትከፍታለች፣ «በስመ አብ!» ትላለች፣ ጉልበቱን በመዳፏ ጧ ታደርገዋለች። ያን ጊዜ ጥርሱን እስኪያሳይ ይስቃል። አንድ ጊዜ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ገብቷት ነበርና፣ እንዳይከፋው ብላ እንደ ልማዷ ጉልበቱን መታችው። ትሪፎን ቆም ብሎ አያት። «ይቺማ የውሸት ናት» አለና መጽሐፉን ዘጋው። ያንን መጽሐፍ ዳግመኛ አልከፈተውም፤ ሳይጨርሱት ለንባብ ቤቱ መለሱት። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ነበር።

የመጨረሻው መጽሐፋቸው ስለ አንድ ወፍጮ ነው። ወፍጮው ይቃጠላል፣ ባለ ወፍጮውም አብሮ ይቃጠላል፣ ሚስቱ ብቻዋን ትቀራለች። ማን አቃጠለው? ትሪፎን የሰውዬው ወንድም ነው ብሎ ድርቅ አለ። ኔቭያና ሐኪሙ ነው አለች፤ ሐኪሙ ሴትዮዋን የሚያይበት ዓይን አላማራትም። በዚህ ነገር ምሳ ላይ ተጨቃጨቁ፣ አውቶቡስ ላይ ተጨቃጨቁ፣ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳይቀር ተጨቃጨቁ። መጽሐፉ ውስጥ ፊቱን በጨርቅ የጠቀለለ ዓይነ ስውር ለማኝም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴትዮዋ በር ላይ ይቆማል፣ ዳቦ ትሰጠዋለች፣ እሱ ይስላል እንጂ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሁለቱም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ትሪፎን ለማኙ ጋ ሲደርስ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይስላል፣ ኔቭያና ትስቃለች።

ክረምቱ ሲጋመስ የትሪፎን ሳል የጨዋታ መሆኑ ቀረ። ሳንባው ነበር። ሆስፒታል ሲገባ መጽሐፉ አብሮት ገባ፣ ግን አንድ መስመር ለማንበብ ትንፋሽ አልነበረውም። አሁን የምታነበው እሷ፣ የሚሰማው እሱ ሆነ። ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ሲመስላት ዝም ካለች፣ «አልተኛሁም» ይላል። የሚያስደነግጥ ነገር ሲመጣ ጉልበቱ ከብርድ ልብሱ ሥር ስለሆነ የአልጋውን ብረት ትመታ ነበር፤ እሱም አንድ ዓይኑን ገልጦ ፊቷን ያይ ነበር።

እንዲህ እያሉ አንድ ምዕራፍ ሲቀራቸው ትሪፎን እጁን አነሳ።

«ነገ» አለ። «መጨረሻውን ትንሽ ጉልበት አግኝቼ ነው የምሰማው። ብቻሽን እንዳታነቢው ታዲያ።»

«ብቻዬን ምን ልሠራበት?» አለችው።

ነገን አላያትም።

ኔቭያና መጽሐፉን ከሟች ጫማና መላጫ ጋር በከረጢት ይዛ ተመለሰች፣ ራዲዮው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው። በእኛ እምነት ነፍስ እስከ አርባው ድረስ እቤቷ ደጃፍ አትጠፋም፣ በአርባው ግን ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች። ስለዚህ ኔቭያና ልቧ ቆረጠ። በአርባው ዕለት ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ መቃብሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፣ የቀረውን ምዕራፍ ጮክ ብላ ታነብለታለች፣ ወንድሙ ይሁን ሐኪሙ አብረው ይሰማሉ። ትደነግጣለች፣ እሱም እየሳቀ ይሄዳል። ያቺ ምዕራፍ ሳትነበብ እስካለች ድረስ በሁለቱ መካከል ያላለቀ ነገር አለ። ሌላው ሁሉ አልቋል። አልጋው አልቋል፣ ምሳው አልቋል፣ ጭቅጭቁ አልቋል።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለቄሱ ብትነግራቸው ዳዊት ድገሚለት ይሏታል። ለራሊትሳ በስልክ ብትነግራት፣ እናቴ ብቻዋን ሆና አእምሮዋ ተነካ ብላ ስፔን ሆና ታለቅሳለች። ለጎረቤት መንገርማ ለዳቦ ቤቱ ሰልፍ መንገር ነው። የንባብ ቤቷ ቪዮሌታ ብቻ አንድ ቀን ደውላ፣ የመጽሐፉ መመለሻ ቀን ማለፉን አክብራ ከነገረቻት በኋላ፣ «ጨረሱት እትዬ ኔቭያና? እኔማ እዚያ መጨረሻው ላይ...» ስትል ኔቭያና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ለቪዮሌታ አዘነችላት፣ ግን መልሳ አልደወለችም። እስከ አርባው ለመድረስ ጆሮዋን የማትዘጋበት ሰው አልነበረም።

አርባው ደረሰ። ስንዴውን ቀቅላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ አሳድራ፣ በዋልነትና በስኳር ለውሳ ንፍሮውን አዘጋጀች፤ ላዩ ላይም በነጫጭ ከረሜላ መስቀል ሠራችበት። መጽሐፉን ከቅርጫቱ ሥር፣ ከዳቦው መሸፈኛ በታች ደበቀችው። መካነ መቃብሩ ኮረብታ ላይ ስለሆነ የወንዙ ንፋስ አጥንት ይሰብራል። ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ፤ ሌላ ቦታም ይጠብቋቸው ነበርና ፈጠን ብለው ሄዱ። ጎረቤቶች ንፍሮውን በወረቀት ኩባያ እየተቀበሉ፣ «ነፍስ ይማር» እያሉ፣ ወይናቸውን ብርጭቆ ሳያጋጩ እየጠጡ አንድ በአንድ ወረዱ። ኔቭያና ሁሉንም በሁለት እጇ አመሰገነች። ልቧ ግን ቅርጫቱ ውስጥ ነበር።

ሁለት ሰዎች አልሄዱም። አንዱ ጌንቾ ነው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ድምፁ አሁንም ከሞተር በላይ ካልጮኸ የማይሰማ የሚመስለው። ሌላው ዳምያን ነው፣ ፀጉር ቆራጩ። ሁለቱም የትሪፎን የመጠጥ ቤት ጓደኞች ናቸው። ወደቡ አጠገብ ባለችው መጠጥ ቤት ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ይዘው ከወጣትነት እስከ እርጅና ደርሰዋል። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

«በሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሂዱ እንግዲህ» አለቻቸው ኔቭያና። «ብርዱ ይጎዳችኋል።»

«አንድ ነገር አለብን» አለ ጌንቾ። ባርኔጣውን አወለቀና ለዳምያን ሰጠው፣ የወይኑንም ጠርሙስ አነሳ።

ኔቭያና ምን እንደሆነ ገባት፣ ወይም የገባት መሰላት። በአርባው ለሟች ያልሰማውን መንገር የቆየ ልማዳችን ነው። የልጅ ልጅ ተወልዶ እንደሆነ፣ የሚደግፈው ቡድን አሸንፎ እንደሆነ፣ ወይን እያፈሰሱ ለመሬቱ ይነግሩታል። ነፍስ ልቧ ወደኋላ እየቀረ እንዳትሄድ ነው። ጌንቾ የኳስ ነገር ሊያወራ ነው ብላ የንፍሮውን ሳህን እንደታቀፈች ቆመች። ከዚያ በኋላ አነባለሁ ብላ አሰበች።

«ትሪፎን ወንድሜ» አለ ጌንቾ፣ ወይኑን ጠብ እያደረገ። «ሆስፒታል ልጠይቅህ ስመጣ፣ ወፍጮውን ማን እንዳቃጠለው ሳላውቅ ልሄድ ነው ብለኸኝ ነበር። ስቀህ ነው ያልከኝ፣ እኔ ግን ከሆዴ አልወጣ አለ።»

«ጌንቾ፣ ተው» አለች ኔቭያና።

ዳምያን ክንዷን ያዝ አደረጋት። ሐዘኑ ተነሳባት ብሎ ነው። «ተይው እህቴ፣ ይንገረው» አላት ለስለስ ባለ ድምፅ። «ለአርባው ብለን ነው የቆየነው።»

«እኔ ከመጽሐፍ ጋር እንደማልተዋወቅ ታውቃለህ» ጌንቾ ቀጠለ። «ንባብ ቤት ሄጄ ቪዮሌታን ለምኜ ነው የነገረችኝ። ስማኝ እንግዲህ። ወንድሙ አይደለም። ተሳስተሃል።»

«ጌንቾ፣ በማርያም!»

እጇ ላይ ሳህኑ አለ፣ ክንዷን ዳምያን ይዟታል። ጆሮዋን የምትደፍንበት እጅ አልነበራትም። ሳህኑን ልትጥለው አሰበች፤ የሟች ንፍሮ መሬት ላይ መጣል ግን እንዴት ይሆናል? በዚያች ማመንታት ውስጥ ጌንቾ ተናገረው።

«ባለ ወፍጮው አልሞተም።»

መጀመሪያ የሰማችው መጽሐፉን አልነበረም። አልሞተም የምትለዋን ቃል ብቻ ሰማች፣ ልቧም ለቅጽበት ዘለለ። ከዚያ የቆመችበትን ቦታ አየች። ከዚያ በኋላ ነው የቀረው የገባት።

«ራሱ ነው ያቃጠለው» ይላል ጌንቾ። «ያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስቱ በር ላይ እየሳለ የሚቆመው ለማኝ እሱ ነው። አላወቀችውም።»

«ዓይኑ ያያል ታዲያ» አለ ዳምያን። «ዕውር መስሎ ነው።»

«አያይም። እሳቱ ነው ያጠፋው።»

«ያያል እንጂ። ለሚስቴም ቪዮሌታ ናት የነገረቻት። ያያል፣ ግን በዓይኑ እንዳታውቀው ፈርቶ...»

«ለሚስትህ በደንብ አልነገረቻትም።»

እንዲህ እያሉ በሟች ራስጌ ተከራከሩ፣ የቀረውንም ቁራጭ በቁራጭ አወጡት፤ ለምን እንዳቃጠለው፣ ወንድሙ ምን ያውቅ እንደነበር፣ ሐኪሙ ለምን ዝም እንዳለ። ኔቭያና አፏን ከፍታ ቆማለች። ቅንድቧ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ቀኝ እጇ ከሳህኑ ሥር ወጥቶ የሚመታ ነገር ይፈልጋል። ያ ድንጋጤ ለትሪፎን የተቀመጠ ነበር። ያረረ ዳቦ እየበላች፣ ስልክ እየዘጋች፣ ከእንግዳ እየሸሸች እስከ አርባው ያደረሰችው ድንጋጤ ነው። ያየው ዳምያን ነው፣ እሱም ልቅሶ መስሎት ከኪሱ መሐረብ አወጣላት።

ጌንቾ የቀረውን ወይን አፈሰሰና አማተበ። «በል እንግዲህ፣ አሁን በሰላም ሂድ» አለ። ፊቱ ላይ ሥራውን የጨረሰ ሰው ደስታ ነበረበት። ጎንበስ ብሎ የዳቦውን ቅርጫት ሊያነሳላት ሲል ግን መሸፈኛው ተንሸራተተ፤ መጽሐፉ ታየ፣ መጨረሻው አካባቢ ዕልባት የሆነ የሸሚዝ ኮሌታ ቁራጭ ተሰክቶበት።

ኮሌታውን አየ። እሷን አየ።

«አላነበብሽውም እንዴ?»

ኔቭያና ሳህኑን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። «አብሬው ላነበው ነበር» አለች። «ዛሬ። እናንተ ስትሄዱ።»

ዳምያን ባርኔጣውን ለጌንቾ ለመመለስ ዘረጋ፣ ጌንቾ አልተቀበለውም።

«እኔ እኮ መጽሐፉ እቤትሽ እያለ እስከ ዛሬ ሳትጨርሺው አትቀሪም ብዬ... ለምን አልነገርሽንም ታዲያ?»

«ምን ብዬ?»

ጌንቾ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ግን ከአፉ የወጣው፣ «ለእሱ ብዬ ነው» የምትል ቀጭን ድምፅ ናት። ኔቭያና ለእሱ ብሎ እንደሆነ ታውቃለች። ይቅር ልትለው ፈለገች። ቃሉን ከውስጧ ፈልጋ አጣችውና፣ «ሂዱ በቃ» ብቻ አለች። ዳምያን ጌንቾን በክንዱ ይዞት ወረዱ። ጌንቾ እስከ በሩ ድረስ ራሱን ሳይሸፍን፣ በዚያ ንፋስ፣ ወደኋላ ሳይዞር ሄደ።

አሁን ብቻዋን ናት። ያሰበችው ሁሉ እንዳሰበችው ሆኗል፤ ሰው ተበትኗል፣ አግዳሚዋ አለች፣ መጽሐፉ አለ። ጥላው ልትሄድ ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ቃል ቃል ነው፤ ከዛሬ በኋላ ደግሞ የምታነብለት የለም። ኮሌታውን አወጣች፣ መነጽሯን አጠለቀች፣ ጮክ ብላ ጀመረች።

ምዕራፉ የሚጀምረው ቅዳሜ ነው። ለማኙ ይመጣል፣ ይስላል። ኔቭያና እዚህ ላይ ትሪፎን ያደርግ እንደነበረው አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳለች፤ ነገር ግን ሳሉ አሁን የማን እንደሆነ ስለምታውቅ አላሳቃትም። ሴትዮዋ ዳቦ ትሰጠዋለች። ለማኙ ይቆርሳል፣ ያላምጣል፣ ሊሄድ ይዞራል። ከዚያ በመጽሐፉ ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ይከፍታል።

«ዛሬም ጨው በዝቶበታል» ይላል።

ኔቭያና እዚህ ላይ ቆመች። በመጀመሪያው ምዕራፍ ባለ ወፍጮው ሚስቱን ማዕድ ላይ የሚነዘንዛት በዚሁ ነበር፤ ዳቦው ላይ ጨው አበዛሽ እያለ። ትሪፎን ያን ጊዜ አንብቦ ሲጨርስ፣ «ይኸው እንደ እኔ ያለ ሰው» ብሎ ነበር። እሷም ረስታው ነበር፣ እሱም ረስቶት ነበር። መጽሐፉ በሙሉ የተጻፈው ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ጌንቾና ዳምያን በዚያ ሁሉ ክርክራቸው እንኳ አላነሷትም፤ ሳትነገር የተረፈች እሷ ብቻ ናት። ለማኙ ማን መሆኑን ሳታውቅ ብትደርስባት ኖሮ ከአግዳሚው ላይ ታስነሳት ነበር። አሁን ደረሰችባት፣ አየቻት፣ ገባት። ሌላ ምንም አልሆነም። ትንሽ ጠበቀች። ንፋሱ ገጹን ሊገለብጥ ሲል በአውራ ጣቷ ያዘችው።

በመቃብሩ ራስጌ ባለችው የእንጨት መስቀል ላይ የትሪፎን ፎቶግራፍ ተለጥፏል፣ መነጽሩን እንዳደረገ። ዓይኑ ወደ እሷ ነው።

ኔቭያና ቅንድቧን ከፍ አደረገች። አፏን ከፈተች። «በስመ አብ!» አለች፣ የራሷን ጉልበትም በመዳፏ መታች። ድምፁ ደረቅ ነበር፤ ልጅ ክፍል ውስጥ ተጠርቶ አቤት እንደሚለው ዓይነት ነው። እጇ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

ትሪፎን ቢሰማት ኖሮ ወዲያው ያውቅባት ነበር። ይቺማ የውሸት ናት ብሎ መጽሐፉን ይዘጋው ነበር።

የዘጋችው ራሷ ናት። የቀሩትን ጥቂት ገጾች አላነበበችም። መጽሐፉን ቅርጫቱ ውስጥ ከተተች፣ የተረፈውን ንፍሮ ለወፎች መሬቱ ላይ በተነች፣ ዳቦ ቤቱ ሳይዘጋ ለመድረስ ቁልቁለቱን ወረደች። አሁን ሰልፉ ውስጥ ብትቆምም የምትፈራው አልነበራትም።